አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ፦ የስልክን ወረፋ በስሌት የለካ ሰው

በስልክ ሙያ ውስጥ ላለ ሰው ኤርላንግ የሚለው ቃል ከሰው ስምነቱ ይልቅ የመለኪያ ስምነቱ ይቀድምበታል። የመስመር ብዛት ለመወሰን በተቀመጠ ቁጥር ስሙን ይጠራዋል፤ በሠንጠረዥ ላይ ያነበዋል፤ በጨረታ ሰነድ ውስጥም ይጽፈዋል። ሰውየው ማን እንደነበረ፣ ምን ዓይነት ኑሮ እንደኖረ፣ ስሌቱንም ከምን ችግር ተነሥቶ እንደደረሰበት የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የዚያን ሰው ሕይወት ባጭሩ ለማቅረብ የተዘጋጀ ነው። በዚህ መጽሔት ላይ እንዲቀርብ ያደረገውም ምክንያት አለ። ዛሬ መሥሪያ ቤቶች የስልክ ንግግራቸውን ከኮምፒዩተር መረጃ ጋር አጣምረው በአንድ መስመር፣ በራውተር አማካይነት ማስተላለፍ ከጀመሩ ወዲህ፣ የኤርላንግ ትምህርት ከመዳብ ሽቦው ጋር ያለፈ ነገር መስሎ የሚታያቸው ባለሙያዎች አይጠፉም። ነገሩ እንዲያ አለመሆኑን የሰውየው ሕይወትና ሥራ ያስረዳል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ጃንዋሪ 1 ቀን 1878 በዴንማርክ አገር፣ በጁትላንድ፣ ታርም ከምትባለው ከተማ አጠገብ በምትገኘው በሎንቦርግ መንደር ተወለደ። አባቱ ሐንስ ኒልሰን ኤርላንግ የመንደሩ መምህርና የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር። እናቱ ማግዳሌና ክራሩፕ ከካህናት ወገን የተወለደች ስትሆን፣ በዘር ሐረጓ ውስጥ የጥንቱ የሂሳብ ሊቅ ቶማስ ፊንከ ይገኝበታል። ቤቱ ባለጸጋ ባይሆንም መጽሐፍና ትምህርት የተከበሩበት ቤት ነበር።

ስለ ልጅነቱ ከሚነገረው አንዱ የሚከተለው ነው። ታላቅ ወንድሙ ፍሬዴሪክ መጽሐፍ ይዞ ሲያነብ፣ አግነር ከፊት ለፊቱ ተቀምጦ ያንኑ ገጽ ተገልብጦ እንዳለ ያነበው ነበር። የከዋክብት ትምህርትም ከሁሉ ይልቅ ይስበው ስለነበረ፣ ገና በልጅነቱ ስለ ሰማይ አካላት ግጥም ይጽፍ ነበር ይባላል። መጀመሪያ ያስተማረው አባቱ ነው። በአሥራ አራት ዓመቱ ዕድሜው ለፈተናው ያልደረሰ በመሆኑ በልዩ ፈቃድ ለኮፐንሀገን ዩኒቨርሲቲ የመሰናዶ ፈተና ቀርቦ በከፍተኛ ማዕረግ አለፈ። ከዚያም ወደ መንደሩ ተመልሶ ሁለት ዓመት በአባቱ ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ሆኖ ሠራ።

በ1896 የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ኮፐንሀገን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ዋና ትምህርቱ ሂሳብ ሲሆን፣ የከዋክብት ጥናት፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪም ተምሮ በ1901 ተመረቀ። ከዚያ በኋላ ለሰባት ዓመት ያህል በልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች አስተማረ። በዚሁ የመምህርነት ዘመኑ፣ በ1904፣ ሆይገንስ የተባለው የሆላንድ ሊቅ በጥቃቅን መጠኖች ስሌት ላይ ስለሠራው ሥራ የጻፈው ጥናት ዩኒቨርሲቲው ባወጣው ውድድር ዕውቅና አስገኘለት። እንግዲህ እስከዚህ ድረስ የሕይወቱ መንገድ የአንድ ትጉህና ዝምተኛ መምህር መንገድ ነው። ስልክ የሚባል ነገር በዚህ መንገድ ላይ ገና አልታየም።

ከመምህርነት ወደ ስልክ ኩባንያ

ኤርላንግ የዴንማርክ የሂሳብ ሊቃውንት ማኅበር አባል ነበርና ከስብሰባው አይቀርም ነበር። እዚያም ከዮሐን ዬንሰን ጋር ተዋወቀ። ዬንሰን እስከ ዛሬ በሂሳብ መጻሕፍት ውስጥ በስሙ የሚጠራ ሕግ የተወ ሰው ቢሆንም፣ እንጀራው ከዩኒቨርሲቲ አልነበረም፤ የኮፐንሀገን ስልክ ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ነበር። ይህ ሰው ወጣቱን መምህር ከኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ከዮሐንሰን ጋር አገናኘው። ዮሐንሰን ራሱ የስልክ ጥሪን በይሆናል ስሌት ለመመርመር የጀመረ ሰው ስለነበረ፣ ነገሩን እስከ መጨረሻው የሚያደርስለት የሂሳብ ባለሙያ ይፈልግ ነበር። በዚህም ምክንያት ኤርላንግ በ1908 ኩባንያው ውስጥ ገብቶ የምርምር ክፍሉ ኃላፊ ሆነ።

የማኅበር ስብሰባ ፍሬ የሌለው የወሬ ጊዜ ለሚመስለው ሰው ይህ አጋጣሚ ትምህርት ሊሆነው ይችላል። አንድ ባለሙያ የሌላውን ችግር በሰማበት በዚያ ስብሰባ ባይገናኙ ኖሮ፣ ኤርላንግ ምናልባት በመምህርነቱ ጡረታ ይወጣ ነበር።

የምርምር ክፍል ኃላፊ ተብሎ ቢሾምም በመጀመሪያው ጊዜ ረዳት ሠራተኛ አልነበረውም። በከተማው ውስጥ በምድር ስር የተቀበሩትን የስልክ ገመዶች ከሌላ ቦታ ሾልኮ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ኃይል ይጎዳቸው ስለነበረ፣ ልኬቱን ራሱ እየዞረ ያካሂድ ነበር። መሰላል የተሸከመ አንድ ሠራተኛ አስከትሎ በኮፐንሀገን ጎዳናዎች ሲያልፍና ወደ ገመድ ጉድጓዶች ሲወርድ ማየት ለከተማው ሰው የተለመደ ነበር። በወረቀት ላይ ብቻ የሚያስብ ሊቅ አልነበረም፤ የሚያሰላለትን መረብ በእጁ የዳሰሰ ሰው ነበር።

ችግሩ ምን ነበር?

በዚያ ዘመን ስልክ የሚያገናኙት በማዞሪያ ጣቢያ የተቀመጡ ኦፕሬተሮች ነበሩ። ደዋዩ ቁልፍ ሲነካ ኦፕሬተሯ ታነሣለች፤ የሚፈልገውን ትጠይቃለች፤ ገመዱን ትሰካለታለች። ነፃ ኦፕሬተር ወይም ነፃ መስመር ካልተገኘ ደዋዩ ይጠብቃል፤ ወይም ተስፋ ቆርጦ ይተወዋል። ለኩባንያው ጥያቄው የገንዘብ ጥያቄ ነው። መስመሩንና ሠራተኛውን ቢያበዛ ወጪው ይከብዳል፤ ቢያሳንስ ደንበኛው ይማረራል። ትክክለኛው ልክ የቱ ነው? ከኤርላንግ በፊት ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው በአብዛኛው ልምድና ግምት ነበር።

ኤርላንግ በ1909 ባወጣው ጽሑፍ የመጀመሪያውን እርምጃ ወሰደ። እያንዳንዱ ደዋይ መቼ እንደሚደውል ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ሆኖም ብዙ ሰዎች፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፣ በየራሳቸው ጉዳይ የሚደውሉ ከሆነ፣ የጥሪዎቹ ብዛት የታወቀውን የፑዋሶን ሕግ እንደሚከተል አሳየ። የአንዱ ሰው ነገር ባይታወቅም የብዙኃኑ ነገር ይታወቃል ማለት ነው። በዚሁ ጽሑፍ የአገልግሎቱ ርዝመት ለሁሉም እኩል ቢሆን ተራ ጠባቂው ምን ያህል እንደሚቆይም መረመረ።

ታላቁ ሥራው የወጣው በ1917 ነው። ያን ጊዜ አውቶማቲክ ማዞሪያዎች እየተስፋፉ ነበርና፣ ጽሑፉ በእነዚሁ ማዞሪያዎች ላይ ያተኮረ ነበር። ሁለት ቀመሮችን አስተማረ። አንደኛው፣ መስመሩ ሁሉ ሲያዝ አዲሱ ጥሪ ወዲያው በሚመለስበት ሁኔታ ከመቶው ስንቱ ጥሪ እንደሚመለስ ያሳያል። ሁለተኛው፣ ጥሪው ተራ በሚጠብቅበት ሁኔታ ስንቱ እንደሚጠብቅና ምን ያህል እንደሚቆይ ያሳያል። የብሪታንያ ፖስታ ቤት የስልክ ማዞሪያዎቹን ለማቀድ የመጀመሪያውን ቀመር ተቀበለ። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1957፣ ሴቫስትያኖቭ የተባለ የሶቪየት የሂሳብ ሊቅ ይህ የመጀመሪያው ቀመር የንግግሮቹ ርዝመት በምንም ዓይነት ቢለያይ፣ አማካዩ እስከታወቀ ድረስ እንደማይናወጥ አረጋገጠ። መሐንዲሶች ሲተማመኑበት የኖሩት ያለ ምክንያት አልነበረም።

ቀመሩ በአንድ መሥሪያ ቤት

የቀመሩን ጥቅም በምሳሌ ማየት ይሻላል። በአንድ መሥሪያ ቤት ሥራ በሚበዛበት ሰዓት ከዋናው ቢሮ ወደ ቅርንጫፍ 120 ጥሪዎች ይደረጋሉ እንበል፤ እያንዳንዱም በአማካይ 3 ደቂቃ ይፈጃል። ድምሩ 360 ደቂቃ፣ ማለትም 6 ሰዓት ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ የ6 ሰዓት ንግግር ስለቀረበ ጭነቱ 6 ኤርላንግ ይባላል። ይህን ያየ ሰው 6 መስመር ይበቃል ብሎ ሊያስብ ይችላል። ቀመሩ ግን በ6 መስመር ከመቶው 26 ያህሉ ጥሪ እንደሚመለስ ያስረዳል። በ10 መስመር ከመቶው 4 ያህሉ ይመለሳል። ከመቶው ከአንድ በታች ለማድረስ 13 መስመር ያስፈልጋል።

ሌላም ነገር ያስተምራል። ያው 6 ኤርላንግ እኩል ለሁለት ተከፍሎ በሁለት የተለያዩ የመስመር ክፍሎች ቢስተናገድ፣ ለተመሳሳዩ የአገልግሎት ጥራት እያንዳንዱ ክፍል 8 መስመር፣ በድምሩ 16 መስመር ይፈልጋል። አንድ ላይ ሲሆን 13፣ ሲለያይ 16 መሆኑ፣ ተባብሮ መጠቀም ቁጠባ መሆኑን በቁጥር ያሳያል። ድምፅንና መረጃን በአንድ መረብ ማስተላለፍን የሚደግፈው ዋና ክርክርም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው።

ከሽቦ ወደ ራውተር

ኤርላንግ ካረፈ በኋላ የስልክ ሙያ ሥር ነቀል ለውጥ አየ። አሌክ ሪቭስ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1938 ድምፅን ወደ ቁጥር የመለወጥን ዘዴ አስመዘገበ። በዚህ ዘዴ ላይ የተመሠረተው ጂ.711 የተባለው ደንብ ድምፅን በሴኮንድ 8,000 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱንም ልኬት በ8 ቢት ይጽፋል፤ በሴኮንድ 64,000 ቢት ይሆናል ማለት ነው። በ1970ዎቹ በአሜሪካው አርፓኔት መረብ ላይ ድምፅን በፓኬት እየከፈሉ የመላክ ሙከራ ተካሄደ። በ1996 ኤች.323 የተባለው፣ በ1999 ደግሞ ሲፕ የተባለው የጥሪ ደንብ ከወጡ ወዲህ፣ ቅርንጫፎችን በመረጃ መረብ የሚያገናኘው ራውተር የስልክንም ንግግር ተሸካሚ ሆነ።

አሠራሩ ባጭሩ ይህ ነው። ንግግሩ በተለምዶ በየ20 ሚሊሴኮንዱ ይቆረጣል። በጂ.711 አንዱ ቁራጭ 160 ባይት ነው። አድራሻውን፣ ተራ ቁጥሩንና ጊዜውን የሚይዘው ራስጌ 40 ባይት ሲጨመርበት 200 ባይት የሆነ ፓኬት ይወጣዋል። በሴኮንድ 50 ፓኬት ስለሚላክ፣ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ አንድ ንግግር የመስመሩን መጠቅለያ ሳይጨምር 80,000 ቢት በሴኮንድ ይፈልጋል። ጂ.729 የተባለው የተጨመቀ ዘዴ ቢመረጥ ድምፁ 20 ባይት፣ ራስጌው ያው 40 ባይት ይሆንና ፍላጎቱ ወደ 24,000 ቢት ይወርዳል። ራስጌው ከድምፁ እጥፍ መሆኑን ልብ ይሏል።

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። የ13 መስመር ፍላጎት በራውተር ቋንቋ ሲገለጽ፣ በጂ.711 በሴኮንድ 1,040,000 ቢት፣ በጂ.729 ደግሞ 312,000 ቢት ለድምፅ ብቻ መመደብ ማለት ነው። 13 የሚለውን ቁጥር የሚሰጠን ግን ራውተሩ አይደለም፤ የኤርላንግ ቀመር ነው። ራውተሩ የፓኬቱን መጠን ያውቃል እንጂ፣ ሰዎች በሥራ ሰዓት ምን ያህል እንደሚደዋወሉ አያውቅም።

አንድ ከባድ ልዩነት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በጥንቱ ማዞሪያ 13ቱ መስመሮች ከተያዙ አሥራ አራተኛው ደዋይ መስመሩ መያዙን የሚያመለክተውን ድምፅ ሰምቶ ይመለሳል፤ የ13ቱ ንግግር ግን አይነካም። በራውተር መረብ፣ ከልካይ ካልተበጀለት፣ አሥራ አራተኛው ጥሪ ዝም ብሎ ይገባል። የቀረበው ጭነት 1,120,000 ቢት፣ የተመደበው ቦታ 1,040,000 ቢት ስለሚሆን ከመቶው 7 ያህሉ ፓኬት ይጣላል። የሚጣለው የአሥራ አራተኛው ደዋይ ፓኬት ብቻ ሳይሆን የአሥራ አራቱም ነው። አንድ ሰው ይቀር በነበረበት ቦታ አሥራ አራት ሰዎች የተቆራረጠ ንግግር ይሰማሉ። ከዚህ የከፋው ደግሞ በመዝገቡ ላይ የተመለሰ ጥሪ አለመታየቱ ነው። አሥራ አራቱም ጥሪ እንደተሳካ ሆኖ ይመዘገባል። ጉድለቱ ተሸሸገ እንጂ አልጠፋም።

ስለዚህም ድምፅን በራውተር ለሚያስተላልፍ ባለሙያ የኤርላንግ ትምህርት ሁለት ግዴታ ይጥልበታል። የመጀመሪያው፣ ጥሪን ቆጥሮ የሚያስገባ ሥርዓት ማበጀት ነው። ከልኩ በላይ የሆነው ጥሪ በግልጽ እንዲመለስ፣ ወይም በሕዝብ የስልክ መስመር በኩል እንዲሄድ መደረግ አለበት። ሁለተኛው፣ ወረፋውን መምራት ነው። 1,500 ባይት የሆነ አንድ የመረጃ ፓኬት በሴኮንድ 512,000 ቢት በሚያሳልፍ መስመር ላይ ለመውጣት 23 ሚሊሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ከኋላው የደረሰው የድምፅ ፓኬት ቀዳሚነት ቢሰጠውም እንኳ፣ መውጣት የጀመረው እስኪያልቅ መጠበቁ አይቀርም። በዝግተኛ መስመር ላይ ታላላቁን ፓኬት ቆራርጦ ማሳለፍ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለጥሩ ንግግር ያመለከተው ልክ ድምፁ ከአፍ እስከ ጆሮ በ150 ሚሊሴኮንድ ውስጥ እንዲደርስ ነውና፣ በየራውተሩ የሚባክነው እያንዳንዱ ሚሊሴኮንድ ከዚህ ላይ የሚቀነስ ነው። ኤርላንግ በ1909 የመረመረው፣ ርዝመታቸው እኩል የሆኑ ተራ ጠባቂዎች በአንድ መውጫ ፊት የሚቆሙበት ሁኔታ፣ ርዝመታቸው አንድ ዓይነት ለሆኑት የድምፅ ፓኬቶች የቅርብ ዘመድ ነው።

ወሰኑን ማወቅ

ቀመሩ ሁሉን ይፈታል ማለት ግን አይደለም። ሰዎች ሳይማከሩ ይደውላሉ በሚለው መነሻ ላይ የቆመ ነው። እሳት ሲነሣ፣ ጎርፍ ሲመጣ ወይም ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ሁሉም ባንድ ጊዜ ስልክ ያነሣልና መነሻው ይፈርሳል። ለእንዲህ ያለው ቀን የአደጋ ጥሪ የሚያልፍበትን መንገድ ለብቻ ማስቀረት የባለሙያው ፋንታ ነው። ደዋዮቹ ጥቂት በሆኑበት ትንሽ ቢሮም የኤርላንግ ስሌት ያጋንናል። ለዚህ ሁኔታ የሚስማማውን ቀመር የሠራው ኤንግሰት የተባለው ኖርዌያዊ ነው። መሣሪያን ከነወሰኑ ማወቅ መሣሪያውን ማክበር ነው።

ሰውየውና ፍጻሜው

ኤርላንግ አላገባም። ኑሮው በሥራውና በመጻሕፍቱ መካከል ያለፈ ነበር። በሂሳብ፣ በከዋክብት ጥናትና በፊዚክስ ረገድ የሰበሰበው የመጻሕፍት ሀብት ሰፊ ነበር። ጽሑፎቹ አጫጭር ናቸው፤ ማስረጃውን ሁልጊዜ በዝርዝር ስለማይጽፍ አንባቢው ራሱ እንዲደክም ያስገድዳሉ። ችግረኞች እስከ ሥራ ቦታው ድረስ ይመጡ ነበርና፣ ለሌላ ሰው ሳያሳይ ይረዳቸው እንደነበረ የሚያውቁት መስክረዋል። ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በኩባንያው ሲያገለግል በሕመም ምክንያት ከሥራ ቀርቶ አያውቅም ነበር። በጃንዋሪ 1929 የሆድ ሕመም ጸንቶበት ለቀዶ ሕክምና ሆስፒታል ገባ፤ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1929 በኮፐንሀገን በ51 ዓመቱ ዐረፈ።

ከሞተ ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1946፣ ዓለም አቀፉ የስልክ አማካሪ ኮሚቴ የስልክ ጭነት መለኪያ በስሙ እንዲጠራ ወሰነ። በ1948 የሕይወቱ ታሪክና ሥራዎቹ በአንድ መጽሐፍ ተሰብስበው በኮፐንሀገን ታተሙ። በ1980ዎቹ በስዊድኑ ኤሪክሰን ኩባንያ የስልክ ማዞሪያዎችን ለማዘዝ የተፈጠረው የኮምፒዩተር ቋንቋም ስሙን ይዟል። የወረፋ ጥናት ዛሬ ከስልክ አልፎ በሆስፒታል፣ በባንክ፣ በአውሮፕላን ማረፊያና በኮምፒዩተር ሥራ ያገለግላል፤ አባቱ ግን ይኸው የሎንቦርግ መምህር ልጅ ነው።

ሽቦው በፓኬት፣ ኦፕሬተሯም በራውተር ተተክተዋል። ያልተተካው ሰውየው የጠየቀው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ያለን ነገር ለሁሉም ባንድ ጊዜ ካልበቃ ማን ይጠብቃል፣ ምን ያህልስ ይጠብቃል የሚለው ነው። ለመሥሪያ ቤት የድምፅ መረብ የሚዘረጋ መሐንዲስ ዕቃ ከመምረጡ በፊት የአንድ ሳምንት የጥሪ መዝገብ ይዞ ቢቀመጥ፣ ጭነቱን በኤርላንግ ቢያሰላ፣ ልኩንም በራውተሩ ላይ በግልጽ ቢያስቀምጥ፣ ወጪው ወረቀትና ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። ይህን ሳያደርግ የቀረ እንደሆነ ግን፣ ማን እንደሚጠብቅ የሚወስነው እሱ መሆኑ ይቀርና ዕድል ይሆናል። ኤርላንግ ዕድሜውን ያሳለፈው ይህን ውሳኔ ከዕድል እጅ አውጥቶ በባለሙያው እጅ ለማስገባት ነበር።